የሐምሌ ጭቃ አይደርቅም

መልእክቱ የደረሰኝ ዓርብ ማታ በቴሌግራም ነው። «ነገ ጠዋት 1 ሰዓት። ቦቲ ያለው ቦቲ፣ አካፋ ያለው አካፋ ይዞ ይምጣ። ቲሸርት እኛ አለን።» ከሥሩ የጡንቻ፣ የልብና የቤት ምልክት ተደርድሯል። እኔም አውራ ጣት ላኩና ተኛሁ።

ጉለሌ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ ያለ ሰፈር ነው። ስንደርስ ከ40 በላይ ነበርን። ባነር ተወጥሯል፣ ካሜራ መጥቷል፣ ቲሸርቱ ለሁሉም ስላልደረሰ ትንሽ መጋፋትም ነበረ። የምናድሰው ቤት ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ 4 ሜትር በ5 ሜትር። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ጣሪያው ደግሞ ዝገቱ ወንፊት ያደረገው ቆርቆሮ። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ እንደ እርጉዝ ሆድ አብጦ በሁለት አጠና ተደግፏል። እማማ የሚኖሩት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲገፉ 3 ክረምት አሳልፈዋል።

እቃቸውን አወጣንላቸው። አንድ አልጋ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን፣ ረከቦት፣ 3 ጄሪካን፣ የተቀረጸ ፍሬም ውስጥ ያለ የሟች ባላቸው ፎቶ። 10 ደቂቃም አልፈጀም። ከዚያ ማፍረስ ጀመርን።

እውነቱን ልናገር? ማፍረስ ደስ ይላል። ዲጂኖ ትሰነዝሩና አንድ የግድግዳ ቁራጭ ዱብ ይላል፣ አቧራው ይነሳል፣ ሁሉም ይጮሃል። አንዱ ልጅ ለቲክቶክ እየቀረጸ ነበር፣ ዘፈን ራሱ ከፍቶልን። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሳይሆን ቤት የሚባል ነገር የለም። ክምር አፈር፣ የበሰበሰ እንጨትና ቡናማ ቆርቆሮ ብቻ። ፍርስራሹ ላይ ቆመን ፎቶ ተነሳን። እኔም ከፊት ነኝ፣ አካፋ ይዤ፣ ጥርሴ በሙሉ ይታያል።

8 ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። እንዴት ያለ ዝናብ! ሁላችንም ወደ ታክሲ ሮጥን። እኔ ግማሽ መንገድ ከደረስኩ በኋላ ጃኬቴን ጎረቤት ቤት መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። እማማ የጎረቤታቸው ማድ ቤት ውስጥ፣ ከከሰል ጆንያው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው እግራቸው ሥር ናት። ጠዋት አልጋቸው የነበረበት ቦታ ላይ ውሃው ሲወርድ ያያሉ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ።

«በሁለት ሳምንት ያልቃል እማማ።»

ሁለት ሳምንት ያለኝ ማንም የለም። ከአፌ ወጣ። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚያች ቃል ምክንያት ነው ብል አልዋሸሁም።

እሑድ ግሩፑ በፎቶ ተጥለቀለቀ። ሰኞ ጸጥ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣነው 11 ነበርን፣ በሦስተኛው 6። ቆርቆሮውን እችላለሁ ብሎ ባነሩ ላይ አርማውን ያሳተመ አንድ ድርጅት ነበር፤ ስንደውል «በሂደት ላይ ነው» ይላል። በኋላ ስልክም ማንሳት አቆመ። ስሙን አልጠራም። ደግሞ እሱን ብቻ መውቀስ አያምርብኝም፤ ከ40 ሰው 34 የት ሄደ? እኔ ራሴ በሁለተኛው ቅዳሜ ዝናቡን አይቼ ልቀር ምንም አልቀረኝም ነበር። ማድ ቤቷ ናት ጎትታ የወሰደችኝ።

አናጢውን ያገኘነው ያኔ ነው። የሰፈሩ ሰው ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጭቃ ቤት ሲያቆሙ የኖሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የቀን ሒሳባቸውን በግማሽ ቀንሰው ነው የተቀበሉን። መጥተው ክምሩን ዞር ዞር ብለው አዩና መጀመሪያ የጠየቁን ይህን ነበር፤

«ማነው በሐምሌ አፍርሱ ያላችሁ?»

ማንም መልስ አልነበረውም። ክረምት ነዋ! የክረምት በጎ ፈቃድ። ተማሪው የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ስለዚህ ደም የሚለገሰው፣ ችግኝ የሚተከለው፣ የአቅመ ደካሞች ቤት የሚታደሰው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ዛፍ ለመትከል ጊዜው ልክ ነው። ለጭቃ ቤት ግን ከዓመቱ ወራት ሁሉ የከፋው ይሄው ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ በብዛት የሚወርደው በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው።

ጋሼ በጣም ቀላል አድርገው አስረዱን። ጭቃ ቤት የሚቆመው በፀሐይ ነው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በእግር ተረግጦ ቀናት ይቦካል። ጭዱ የሚገባው ለማብዛት አይደለም፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅና እንዳይረግፍ አንዱን ከአንዱ አስሮ ይይዘዋል። ከዚያ የመጀመሪያው ምርጊት ይመረጋል። እሱ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ በስንጥቁ ላይ ነው ሁለተኛው ቀጭን ልስን የሚመጣው። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ከደረባችሁ ውስጡ እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ልስኑ በሳህን ሳህን እየተላቀቀ ይወድቃል። ያ አብጦ ያየነው ግድግዳም ታሪኩ ይኸው ነበር፤ የሆነ ዓመት፣ የሆነ ሰው፣ ሳይደርቅ ለስኖታል።

«ገበሬው ቤት የሚሠራው መቼ ነው?» አሉን። ጥር። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ጤፉ ተወቅቶ፣ ጭዱ አዲስ ሆኖ፣ ሰማዩ ጠርቶ። ሰዉም ከእርሻ ነፃ የሚሆነው ያኔ ስለሆነ ደቦ ይጠራል። የሰው ካሌንደርና የጭቃው ካሌንደር ይገጥማሉ። የእኛ ግን አልገጠመም። ቤቱ በትምህርት ቤት ካሌንደር እንዲሠራልን ነው የፈለግነው።

ታዲያ አሁን ምን ይሁን? ፈርሷል። ሰዎቹ ማድ ቤት ናቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «በሐምሌ የሚሠራውን እንሥራ፣ የጥሩን ለጥር እንተውለት» አሉ።

በሐምሌ የሚሠራው ለካ ብዙ ነው። መጀመሪያ ያስቆፈሩን ቦይ ነበር። ከላይ ካለው ግቢ የሚመጣው ጎርፍ በቀጥታ እማማ ግድግዳ ሥር ነው የሚያርፈው፤ ቤቱን የገደለው ከጣሪያው ይልቅ የታችኛው ውሃ ነው አሉ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቆፈርን። የማይረባ ፎቶ ነው የሚወጣው፤ ጭቃ ውስጥ የቆመ ሰው ጀርባ። ግን ከሠራነው ሁሉ ትልቁ ሥራ እሱ ይመስለኛል። ቀጥሎ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መሠረት ተደረደረ፣ ጭቃው መሬት እንዳይነካ። ቋሚዎቹ ባህር ዛፍ ናቸው፤ ቅርፊታቸውን ላጥን፣ ከመሬት የሚገባውን ጫፍ ከጋራዥ ለምነን ያመጣነውን የተቃጠለ ዘይት ቀባን። (ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ባይመጣ ይቺ ከተማ በምን ትቆም ነበር እያልኩ ሳስብ ዋልኩ። ልብሴ ላይ ያለው ዘይት እስካሁን አለቀቀም።)

ከዚያ ጣሪያ። ጭቃ ቤት እንደ ብሎኬት ቤት ግድግዳው አልቆ ጣሪያ አይጠብቅም፤ ቋሚውና ማገሩ ከቆመ ጣሪያው ቀድሞ ይመታል፣ ጭቃው ከሥሩ ተጠልሎ ይመረጋል። ስለዚህ ቆርቆሮ ከሌለ ምንም የለም። የቀረነው ሰዎች በቴሌብር ማሰባሰብ ጀመርን። 50 ብር የላከ አለ፣ 100 የላከ አለ፤ ውጭ አገር ያለች የአንዷ ልጅ አክስት የሁሉንም ያህል ላከች።

ገዝተን ልንመለስ ስንል ጋሼ ከኋላ ጠሩን። «ጌጁን እዩ!» እኔ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው ብዬ ነበር። ለካ በጌጅ ነው የሚሸጠው፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ደግሞ እየሳሳ ነው የሚሄደው። 35 ጌጅ ከ28 በጣም ይረክሳል፤ በእጅ ስትይዙት እንደ ወረቀት ይተጣጠፋል። ለድሀ ቤት የሚለገሰው ብዙ ጊዜ ቀጭኑ ነው አሉ ጋሼ፤ በአንድ ገንዘብ ብዙ ቤት አደስን ለማለት ስለሚመች። እኛ 22 ቆርቆሮ ነበር የሚያስፈልገን፤ በ28ቱ ገዛን፤ ለበርና ለመስኮት ያሰብነው ብር እዚያው አለቀ። በሩን ምን አለሽ ተራ ሄደን አሮጌ ላሜራ አገኘን፣ መስኮቱ ለጊዜው ጣውላ ሆነ።

ጣሪያ ላይ እኔም ወጣሁ። ጋሼ «ሚስማሩ ከጉብታው ላይ ይመታል፣ ከሸለቆው በፍጹም» አሉ። ውሃ የሚሄደው በሸለቆው ነዋ። ቀላል ነገር ነው። ግን ጎንበስ ብላችሁ ማገሩን በዓይን እየፈለጋችሁ፣ መዶሻው እየከበደ፣ ከታች ሰው እያየ ሲሆን... ከበሩ በላይ አንዱን ሸለቆ ውስጥ መታሁት። አየሁት። ማንም አላየኝም። ዝም አልኩ።

ምርጊቱ ሲጀመር እንደተባለው ሆነ፤ አይደርቅም። ጣሪያው ከላይ ይከልለዋል፣ ነፋስ የሚያመጣው ዝናብ ግን ከጎን ይመታዋል። ጠዋት የመረግነው ማታ ይንሸራተታል። መፍትሔውን ያመጣው የሰፈሩ ዕድር ነው፤ ድንኳናቸውን ሰጡን። በመንገዱ በኩል ግድግዳውን ከልሎ ተተከለ። ችግሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዕድር ድንኳን ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሁለት እናቶች ነጠላ ዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ከተፍ። «ማን አረፈ?» እማማ ራሳቸው ወጥተው ተቀበሏቸው። ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ «በቁሜ ድንኳን ተተከለልኝ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ!» አሉ። ለቅሶ የመጡት እናቶች ቡና ጠጥተው ሄዱ።

ስለ ቡናው አንድ ነገር ልበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እማማ ቡና ሲያፈሉልን አንጠጣም እንላቸው ነበር። ችግረኛ ናቸው፣ እንዴት እናስወጣቸዋለን ብለን። ጋሼ ተቆጡን። «ደቦ ወጥቶ ያልበላ አለ? ቡናዋን ካልጠጣችሁ ቤቱ የእናንተ ይሆናል፤ የእሷ አይሆንም።» አፈርን። ከዚያ በኋላ ንፍሮውንም ቡናውንም አንድም አልቀረንም። የልጅ ልጃቸውም ውሃ ማቀበል ሥራዋ ሆነ፤ ማንም እንዲቀማት አትፈልግም።

በኋላ ቤት ገብቼ ሳነብ ይሄው ሐሳብ ሌላ ቦታም አለ። ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባለውን ድርጅት ታውቁት ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ የተጀመረ ነው። ጂሚ ካርተር ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር መዶሻ ይዘው ሲሠሩለት የነበረው። እኛም አገር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አሜሪካ ውስጥ አሠራሩ ቤት የሚሰጠው ቤተሰብ ዝም ብሎ ተቀባይ እንዳይሆን ነው፤ ግንባታው ላይ በጉልበቱ ይሠራል፣ የቤቱንም ዋጋ በአቅሙ ልክ ቀስ እያለ ይከፍላል። እማማ ብር የላቸውም፤ ቡናቸው ግን ክፍያ ነበር። እኛ ነን ክፍያውን አንቀበልም ያልነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በግሩፑ ላይ ተነስቶ ነበር፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቤቱ የእማማ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ነገሩ ከሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ይመጣል፤ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ከታክሲ ሒሳብ የማይበልጥባቸው ነበሩ፤ ግን በዚያ ኪራይ ማን ያድሳቸዋል? ተከራዩ የራሱ ያልሆነውን ለማደስ አቅሙም ፈቃዱም የለውም፤ እኛም ብንሆን ለእድሳቱ ደብዳቤ ስናጽፍ የተፈቀደልን በነበረበት ልክ ብቻ ነው፣ አንድ ክንድ መጨመር አይቻልም። ታዲያ አንዱ ልጅ «ሰፈሩ ነገ ለልማት ቢነሳ ልፋታችን ገደል ገባ ማለት አይደለም?» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት። እኔ ጥያቄውን ለእማማ ነገርኳቸው፤ መንገር አልነበረብኝም ይሆናል።

«ነገማ እኔም እፈርሳለሁ» አሉኝ። «ዛሬ የት ልተኛ?»

ቤታቸው የገቡት ጳጉሜን 4 ነው። «ሁለት ሳምንት» ያልኩት ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ግድግዳው የመጀመሪያው ምርጊት ብቻ ነው፣ ገና ርጥብ ይሸታል፣ ስንጥቁ በየቦታው እንደ ካርታ ተሥሏል። ወለሉ አፈር ነው። ግን ከላይ ጠብታ የለም። አልጋውን መሐል ቤት አደረጉት። ጥግ አልፈለጉም።

በመስከረም ተማሪው ተመዘገበ፣ ግሩፑ ሞተ። አንድ ሰው የልደት መልእክት በስህተት ከመላኩ በቀር እስከ ታኅሣሥ ድረስ ምንም አልተጻፈበትም። ጥር ሲገባ እኔ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ «ጭቃው ደርቋል። ቅዳሜ 1 ሰዓት።» ባነር የለም፣ ቲሸርት የለም፣ ካሜራ የለም። 7 ሰው መጣ። ከሰባቱ ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን አልነበሩም።

የጥር ሥራ ሌላ ነው። ጭዱ ከሱሉልታ በኩል የመጣ፣ ወርቅ የመሰለ። ፀሐዩ ግንባር ይበሳል። ረግጠን ያቦካነውን ጭቃ ጋሼ በመዳፋቸው እያነሱ ስንጥቁ ላይ ሲደፍኑት ግድግዳው ጥሙን ያወጣ ይመስላል። በሐምሌ 6 ሳምንት የታገልነውን ያህል በ2 ቅዳሜ ጨረስን። ልስኑ ሲደርቅ ነጭ ኖራ ቀባነው፣ ለወለሉም ሲሚንቶ ተገኝቶ ሊሾ ሆነ። ጣውላው መስኮት ግን አሁንም ጣውላ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮም ሐምሌ ይመጣል፣ ግሩፑም ይነሳ ይሆናል። እኔ አፍርሱ ሲባል የምጠይቀውን አውቄዋለሁ። ቆርቆሮው ቃል ነው ወይስ በእጅ ነው? ዛሬ ማታ ባለቤቶቹ የት ያድራሉ? ጥር ላይ ስንት ሰው ይመጣል? መልስ ከሌለ በሐምሌ ቦይ እንቆፍር፣ ቀዳዳ ጣሪያ እንቀይር፤ ግድግዳውን አንንካው። ሰው ባበጠ ግድግዳ ውስጥ አንድ ክረምት ቢከርም ፍርስራሽ ላይ ከሚከርም ይሻለዋል። ይህን ስል ደስታ አዳፋኝ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ባለፈው የካቲት፣ ድንገት የበልግ ዝናብ የጣለ ማታ፣ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው፤ በልጅ ልጃቸው ስልክ።

«ልጄ፣ እየዘነበ ነው። ስሚው።»

ስልኩን ወደ ጣሪያው አነሱት መሰለኝ፣ የቆርቆሮው ድምፅ ጆሮዬን ሞላው። አንድ ደቂቃ ያህል ማንም አላወራም። ከዚያ ተመለሱና፣

«አንዲት ነገር ብቻ» አሉኝ፤ «ከበሩ በላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ትላለች። ብዙም አይደለች። ጎድጓዳ ሳህን አድርጌባታለሁ። ከየት እንደምትመጣ ጋሼም አላወቀው።»

«እኔ አውቀዋለሁ እማማ» አልኳቸው። «ቅዳሜ እመጣለሁ።»